ላፕቶፕ ደሴ ላይ የት ይሠራ? ባለ መስታወቱ ሱቅ፣ ደረጃ ሥር ያለው ልጅ ወይስ አዲስ አበባ

«ቲቸር፣ ላፕቶፔ ሞተብኝ፤ የት ላሠራው?» የሚል ስልክ በዚህ ወር ብቻ አራቴ ተደውሎልኛል። አምስተኛው ሳይደወል ልጻፈው። ከአሁኑ ልናገር፦ እኔ የማደላው ደረጃ ሥር ለተቀመጠው ልጅ ነው። 3,400 ብር ከፍዬ ነው ይህን የተማርኩት።

ላፕቶፔ ዴል ናት። ቻርጀሩ ሲሰካ ትሠራለች፤ ባትሪዋ ግን አይሞላም። ስትነቀል ድርግም። በዚያ ላይ ኤሊ ሆነችብኝ። የፈተና ሰሞን ነበርና ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ባለ መስታወት ሱቅ ሮጥኩ። ሠራተኛው ሳይከፍታት «ባትሪው ሞቷል» አለ። ባትሪ 2,800፣ የእጅ 600። «ኦሪጅናል ነው?» ስለው «አብሽሪ ቲቸር!» አለኝ። ትቼለት ሄድኩ። «ነገ ነይ» እያለ አምስት ቀን አመላለሰኝ።

አዲሱ ባትሪ ግማሽ ያህል ስለነበረው መጀመሪያ ቀን ሠራችልኝ። ማታ ሲያልቅ እንደገና አልሞላ አለ። ብመለስ ደግሞ ወሬው ተቀየረ፤ «እንግዲያው ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ነው፣ 9,500።» ተናድጄ ይዣት ወጣሁ። ቤት ገብቼ የላፕቶፑን አቅም የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ብከፍት ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ሚሞሪ) 8 ጊጋባይት የነበረው 4 ሆኗል። ሱቁን ብጠይቅ «ድሮም 4 ነበር» ተባልኩ። ማስረጃ አልነበረኝም፣ ምን ልበል?

ደረጃ ሥር ያለው ልጅ ታፔላ የለውም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ በርጩማ ለደንበኛ። ላፕቶፑን ሳይነካ በፊት «ቻርጀሩን ይዘውታል?» አለኝ። በመልቲሜትር ለካው፤ 19.5 ቮልት፣ ደህና ነው። ከዚያ የስልኩን መብራት መሰኪያው ቀዳዳ ላይ አበራና «ይዩ» አለኝ። ክብ ጫፍ ያለው የዴል ቻርጀር ጫፉ መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚያውቀው በእሷ በኩል ነው። ካላወቀው ይሠራል፣ ባትሪ ግን አይሞላም፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። የእኔ መሰኪያ ውስጡ ላልቶ መርፌዋን አይነካም ነበር። ባትሪውም ማዘርቦርዱም ንጹሕ!

መሰኪያው በአጭር ገመድ የሚገናኝ ስለሆነ ብየዳ እንኳ አላስፈለገውም። ዕቃው 450፣ የእጅ 200። አሮጌውን መሰኪያ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። 650 ብር ከ9,500 ጋር አስተያዩት እንግዲህ።

ያ «ኦሪጅናል» ባትሪ ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላው አበጠ። መጀመሪያ የነቃሁት ታችፓዱ አልጫን ሲለኝ ነው፤ ከሥር ገፍቶት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ቻርጅ አታድርጉት፤ ቶሎ አስወጡት። አሁን ገንዘብ ቢያጥረኝ እንኳ ፎርጅድ አዲስ ከምገዛ ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ቻርጀርም እንደዚያው። ፎርጅዱን 1,200፣ ያገለገለ ኦሪጅናሉን 2,000 ብለውኛል፤ 800 ብር ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱን በእጃችሁ መዝኑ፤ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ዴል ላይ ሲሰካም የማይታወቅ አለ፤ ያው ባትሪ አልሞላም የሚለው ጣጣ ይመጣል።

አዲስ አበባስ? ማዘርቦርድ ላይ ቺፕ መንቀልና መትከል ከሆነ እሺ። ደረጃ ሥር ያለው ልጅ ራሱ «ይሄ ከእኔ በላይ ነው» ብሎ የባልደረባዬን መልሶላታል። ይህን የሚል ባለሙያ ነው የሚታመነው። ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው። በሹፌር ከላካችሁ ሲከፈት አታዩም፤ ራሳችሁ ከሄዳችሁ ደርሶ መልስና አልጋ አለ። እኔ ጠቅላላው የአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ግማሽ ካለፈ አልሞክረውም።

ኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ ፎርማት (ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን) ብቻ ከሆነ የግቢ ተማሪዎች በ200 ይሠራሉ፤ እኔ ደሴ 400 ከፍያለሁ። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ፋይል አብሮ እንደሚጠፋ ግን ማንም አይነግራችሁም። አስቀድማችሁ ገልብጡ። ለመፍታትና ለመግጠም ለተማሪ አልሰጥም፤ ብሎን ተርፎት የመጣ አውቃለሁ።

የትም ብትሄዱ ከመስጠታችሁ በፊት የራሙንና የዲስኩን መጠን ከሚያሳየው ገጽ ጋር ከጀርባው ያለውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ። ማደር ካለበት «ዲስኩን ፍታልኝ፣ ይዤው ልሂድ» በሉ። ደረጃ ሥር ያለው ልጅ ሳልጠይቀው ነው ፈቶ የሰጠኝ፤ የእህቴ የሠርግ ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አርብ ከሆነ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አትልፉ፤ ጁምዓ ነው፣ በርጩማዋን ብቻ ነው የምታገኙት።