3018 ሲኤንሲን በያጅ ማድረግ ያዋጣል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚገኘው የብረታ ብረት ሥራ ቤቴ የመደርደሪያ ድጋፍ በብዛት እሠራለሁ። በባቡር ጥገና ዙሪያ ባደገች ከተማ ጥሩ በያጅ አይጠፋም፤ ሆኖም መቶኛዋን ድጋፍ ልክ እንደ መጀመሪያዋ የሚበይድ እጅ እስካሁን አላየሁም። 3018 የተባለውን አነስተኛ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ማሽን፣ የገዛሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ማሽኑ በመሠረቱ የእንጨትና የፕላስቲክ መቅረጫ ነው። የሥራ ገበታው 300 በ180 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው 45 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሻጩ «ብረትም ይሠራል» ብሎኝ ነበር፤ መቁረጥ ማለቱ ከሆነ አጋኗል። ለብየዳ ግን የአካሉ መላላት ብዙም አይጎዳም፤ ምክንያቱም የብየዳው ጫፍ ብረቱን ሳይነካውና ሳይገፋው በላዩ ያልፋል። የሚከብደው የሚግ ማሽኑ (ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ የሚበይደው) ወፍራም ገመድ ስለሆነ ከጣሪያ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ሁለቱን ማሽኖች ማገናኘት ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር። የመቅረጫውን ሞተር ፈትቼ፣ ኃይል ይሰጠው በነበረው መስመር ላይ የ24 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገባሁ፤ ሪሌዩም የብየዳውን መያዣ ቁልፍ ሁለት ሽቦዎች ያገናኛል። በፕሮግራሙ ውስጥ ይህን መስመር በሙሉ ኃይል የሚከፍተው ትእዛዝ ኤም 3 ኤስ 1000 መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ካነሰ ኃይሉ እየተቆራረጠ ስለሚሄድ ሪሌዩ ይንቀጠቀጣል። በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በ18 ቮልት ገደማና በደቂቃ 350 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው መስመር እንደ ተደረደረ ሳንቲም የተስተካከለ ነው።

ዋናው ችግር የብየዳው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ በሥራ መሃል ኮምፒውተሩ ከማሽኑ ጋር ተቋረጠ፤ ማሽኑ የያዛቸውን ጥቂት ትእዛዞች ጨርሶ ሲቆም እሳቱ ግን ስላልጠፋ፣ ሮጬ ሶኬቱን እስክነቅል ላሜራው አውራ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ተበሳ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን ከሚሞሪ ካርድ በሚያነብ መቆጣጠሪያ እሠራለሁ፤ በሪሌዩ መስመር ላይም በእግር የሚረገጥ ማቋረጫ ጨምሬያለሁ። የግራውንዱ መቆንጠጫም ከሚበየደው ብረት ላይ ብቻ መታሰር አለበት፤ በማሽኑ አካል ላይ ከታሰረ ወደ 100 አምፔር የሚጠጋው ኃይል በኩሽኔታዎቹ በኩል መንገዱን ይፈልጋል። እኔ በብረቱና በገበታው መካከል የተሰበረ የወለል ሴራሚክ አነጥፋለሁ።

ሌላው ጠላት የድሬዳዋ ሙቀት ነው። ከቀትር በኋላ ቬንትሌተር ሳይከፈት መሥራት ይከብዳል፤ ነፋሱ ደግሞ መከላከያውን ጋዝ እየበተነ መስመሩን እንደ እንጀራ ዓይናማ ያደርገዋል። ስለዚህ ማሽኑን በላሜራ ከልዬ ብየዳውን ለጠዋት አድርጌዋለሁ። ፍንጣሪውም የሚሽከረከሩትን ዘንጎች ስለሚያበላሽ በቆዳ ሸፍኛቸዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ በየሳምንቱ መጽዳት ይፈልጋሉ።

አጭር፣ ቀጥ ያለና በብዛት የሚደጋገም ሥራ ላለው ሰው ማሽኑን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በርና መስኮት የሚሠራ ግን ገንዘቡን ለተሻለ የሚግ ማሽን ቢያውለው ይሻለዋል፤ በዚህች ገበታ ላይ የበር ማዕዘን እንኳ አይቀመጥም።