ጓሳ ለመድረስ፦ በአውቶቡስ፣ በኪራይ መኪና ወይስ በጉዞ ድርጅት?

«መንዝ ጓሳ ልሄድ ነው፣ በምን ልሂድ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ከዋጋው አልጀምርም። ጓሳ በሰሜን ሸዋ መንዝ ደጋ ላይ ያለ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠብቀው የሣር ምድር ነው፤ የሚታየውም ጠዋት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጡና ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አጠገባቸው ብትቀመጡ ሣሩ ሲነጭ ድምፁ ይሰማችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «እዚያ አድሬ እነጋለሁ ወይ?» የሚለውን ይሁን።

መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ አልፎ ጣርማ በር ላይ፣ ወደ መኪና ዋሻው (ቱኔሉ) ሳይገባ ወደ ግራ ታጥፎ በመንዝ ደጋ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ይጓዛል። ጓሳ ከመሐል ሜዳ በፊት ነው። ጠቅላላው 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ አያውቅም።

በርካሽነት አውቶቡስን የሚያህል የለም። ንጋት ሳይቀድማችሁ ላምበረት መናኸሪያ ተገኙ። ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ስለሚጫን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ይዞ ጓሳ ማደር ከባድ ነው። ለረዳቱ ቀድማችሁ «ጓሳ ማረፊያው ጋ ወራጅ ነኝ» በሉት። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው መኪና እናንተ ጋ ሲደርስ ሞልቶ ሊያልፍ ይችላል። እኔ የምመክረው ከመመለሻው ቀን በፊት መሐል ሜዳ ሄዶ ማደርና በማግስቱ ከመነሻው መሳፈር ነው። እንግዲህ በአውቶቡስ የሚሄድ ቢያንስ ሦስት ቀን ይያዝ።

የኪራይ መኪና ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ውሉን ካወቃችሁበት። አንድ ጊዜ ፎርዊል ተከራይቼ ጠዋት በር ላይ የመጣልኝ ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ነበር። «መንገዱ ደህና ነው፣ ይወጣዋል» አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ከጣርማ በር በኋላ ጉሙ ወረደ፣ ጭቃው ጀመረ። የመኪናው ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከብት የሚነዱ ልጆች ጎማው ሥር ድንጋይ እየደረደሩ አወጡን። አንድ አባት ስንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ባና፣ ከበግ ፀጉር የተሠራውን ወፍራም ልብስ፣ አለበሱኝ፤ ያ የበግ ፀጉር ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። የደረስነው መሽቶ ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ የመኪናው ዓይነትና ታርጋ ይጻፍ። ነዳጁ በማን ነው? የሹፌሩ አበልና ማደሪያስ? የኪሎ ሜትር ገደብ አለው? አራት ሆናችሁ ከተካፈላችሁ ዋጋው ብዙ አይጎዳም። ደግሞ መንገድ ዳር ቀይ ቀበሮ ስታዩ «አቁምልን» ማለት ትችላላችሁ፤ ለእኔ ይህ ብቻ ገንዘቡን ያስወጣኛል።

የጉዞ ድርጅት ፓኬጅ ለጀማሪ ሐሳብ ያሳርፋል። ግን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚለውን አትግዙ። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። የመግቢያ፣ የአስጎብኚና የምግብ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ተቀበሉ። በየትኛውም ብትሄዱ በሶና ቆሎ፣ ለራታችሁም የሚበስል ነገር ያዙ። ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለግጦሽና ለሣር አጨዳ እየዘጉና እየከፈቱ የጠበቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አስጎብኚ ከእነሱ ብትይዙ ገንዘቡ ለባለቤቱ ይደርሳል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በዚህ መስመር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። «መንገድ ቢዘጋ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚል ቃልም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ብቻችሁን ከሆናችሁና ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ግን ጓሳን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ አድራችሁ በማግስቱ ከአካባቢው ሰው ጋር ወደ ወፍ ዋሻ ደን ውረዱ። ጥዱና ዝግባው ውስጥ ግማሽ ቀን ተጉዛችሁም ማታ ደብረ ብርሃን ትመለሳላችሁ።