ሽሮ ሜዳ ላይ ጫማዬን ለሰፉልኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር ዘገየሁ። ስንፍና አይደለም። ስፌቱ ይበረክት እንደሆነ መጀመሪያ ልይ ብዬ ነው። እስካሁን አምስት ጊዜ እንጦጦ ወጥቼበታለሁ፤ ሁለቱን በዝናብ። አንዲት ክር አልላላችም። አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለችው አክስቴ የተራራ ጫማ ልካልኝ ነበር። በጣም ከመውደዴ የተነሳ ላደርገው ሳሳሁ። ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አወጣሁት፤ አምስት ዓመት እዚያው ከረመ። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እንጦጦን በእግር እንውጣ ተባባልንና አወረድኩት። አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።

መኪና የለንም። ለእንጦጦ ደግሞ መኪና አያስፈልግም፤ የምወድለትም ለዚህ ነው። ከየትኛውም ሰፈር በአውቶቡስ አራት ኪሎ ወይ ስድስት ኪሎ መድረስ ነው። ከዚያ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» የሚል ረዳት አይጠፋም። ሽሮ ሜዳ ወርዶ ቀና ማለት ብቻ ነው፤ ተራራው እዚያው ፊት ለፊት ነው።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ረዳቱ ከኋላዬ ጮኸ።

«እህት! ሶልሽን ረስተሻል!»

ዞር ስል የቀኝ ጫማዬ ሶል የሚኒባሱ መውረጃ ላይ ተጋድሟል። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ጓደኛዬማ አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብላ ነው የሳቀችው። ረዳቱ ሶሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አቀበለኝና በአገጩ ማዶ አሳየኝ። «ጃንጥላው ስር ያሉት ጋሼ ጋ ሂጂ።» እሱንም እግዜር ይስጠው።

ጋሼ የሚቀመጡት የሀገር ልብስ ሱቆቹን አለፍ ብሎ፣ ታክሲ መያዣው ጋ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ ብቻ እላለሁ። አንድ የእንጨት ሳጥን፣ አንድ ጫማ የሚያለብሱት ብረት፣ መዶሻ፣ ወስፌ፣ የማስቲሽ ቆርቆሮ። በቃ።

«ስንት ዓመት አስቀመጥሽው?» አሉኝ ገና ሲያዩት።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ከሶሉና ከቆዳው መሃል ያለውን ስፖንጅ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። ከዚያ ደህና ነው ያልኩትን የግራውን ጫማ አንስተው አጎበጡት። ጧ! አለ። «ይሄኛውም ተራውን ሲጠብቅ ነው።»

ለካ እንዲህ ያለ ጫማ ስላልተደረገ አይቆይም። ስፖንጁ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ የአየር እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ሲከርም ደግሞ ይብስበታል። ጋሼ ፖሊዩሪቴን የሚለውን ስም አልጠሩልኝም። «ጫማ ተቀምጦ ነው የሚያረጅ» ነው ያሉኝ። ያው ነው።

እኔ ቸኩያለሁ። «ጋሼ፣ ማስቲሽ ቀባ ቀባ ያድርጉበትና እንሂድ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እንጦጦ።»

«ማስቲሽ ለከተማ ነው ልጄ። ለእንጦጦ ክር ነው።»

ከዚህ በፊት አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ጫማ ቤት ሌላ ጫማ አሠርቼ ነበር። ቀቡት፣ አጣበቁት፣ በፌስታል ሰጡኝ። በሁለተኛው ሳምንት አፉን ከፈተ። የት ልሄድበት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ጋሼ መጀመሪያ የሞተውን ስፖንጅ በቢላ ፍቀው ጣሉት። ተረከዙ ላይ የጎደለውን ከአሮጌ ጫማ ላይ በቆረጡት ጎማ ሞሉት። ማስቲሹን በሁለቱም በኩል ቀቡና አስቀመጡት። እኔ ቶሎ የሚያጣብቁት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጣታቸው ሲነካው መያዝ እስኪያቆም ጠበቁ። ከዚያ ነው ገጥመው በመዶሻ የደበደቡት። ቀጥለው ሶሉን ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ቀጭን ቦይ አወጡለት። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ክሩ እዚያ ውስጥ ሲተኛ ድንጋይ አያገኘውም አሉ። ወፍራም ጥቁር ክር በሰም አሽተው፣ በወስፌ እየበሱ እየሳቡ ዙሪያውን ሰፉት። ጣቶቹ ጋ ሲደርሱ ስፌቱን አጠበቡት። «ስትወጪ ተረከዝሽ ነው፤ ስትወርጂ ግን ሸክሙ ሁሉ ጣትሽ ላይ ነው።» ግራውንም እንደዚያው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ለሁለቱም 300 ብር።

እየሰፉ ስለ መንገዱ ነገሩኝ። እዚያው ተራራ ስር ነው ያደጉት። አስፋልቱን እያያችሁ ውጡ፣ እግረ መንገዱ ገብቶ ይወጣል፣ አትጠፉም። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ቀስ በሉ፤ ከጭቃ ይብሳል። እውነታቸውን ነው። ስንወርድ ጓደኛዬ ሁለቴ ቁጭ ብላ ተንሸራተተች፤ እኔ አንዴም። (በስኒከር ነበር የመጣችው። የሳቀችብኝን ያህል ሳቅኩባት።)

ቀስ ብለን ስለሄድን እንጦጦ ማርያም ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የድሮው ቤተ መንግሥትም እዚያው አጠገብ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትርን ስለሚያልፍ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጥራል። አትሌቶቹ በሩጫ ሲያልፏችሁ አትፈሩ፤ ሁላችንንም ነው የሚያልፉን። ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኘን፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። እኔ ስለ ሶሌ አንድ ሰዓት ተኩል ስጨነቅ ነው ያረፈድኩት። መንገድ ለቀን አሳለፍናቸው።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ለቡናና ለፎቶ ቆንጆ ነው። እኔ ግን የተራራው ጀርባ ይበልጥብኛል። በዝናብ የወጣን ቀን እዚያ ቆመን ውሃው ሲከፈል አየን። በከተማው በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ አባይ። እግሬ አልራሰም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ጫማችሁን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ለጋሼ ውሰዱላቸው። እንደኔ በዕለቱ ከሄዳችሁ ጠዋቱ ያልቅባችኋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ እሁድ የሉም። የት እንደምትሄዱበት ንገሯቸው፣ ሥራው እንደዚያው ይለያያል። የማይሆነውን አይሆንም ይላሉ፤ የጓደኛዬን ስኒከር «ይሄ ቢሰፋም አያወጣሽም» ብለው መልሰውላታል። ለታክሲ ዝርዝር ያዙ። ብቻችሁን ጫካ ውስጥ አትግቡ፣ ሳይመሽም ውረዱ። ሲመሽ ታክሲው ይሳሳል፣ ጅብም አለ።

ጉርሻ ስሰጣቸው እንቢ አሉኝ። ግድ ካልሽ ክር አምጪልኝ ነው ያሉት፤ ያ ወፍራሙ ክር እየጠፋ አስቸግሯቸዋል። ከውጭ የምትመጡ ካላችሁ አንድ ጥቅል ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። እኔ አደርስላቸዋለሁ። ጥቁሩን ይመርጣሉ።