ላንቻ ጋራዥ፦ እጃቸው አሪፍ፣ ፕሮፎርማቸው ግን...

ቪትዜ ከፊት ጎማ በኩል ስታጉረመርም ከርማ ላንቻ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ስራቸው ግን አንደኛ ነው። ልጁ በክሪክ አነሳትና አንድ እጁን ሱስታው ላይ አድርጎ በሌላው ጎማውን አሽከረከረው፣ ወዲያው "ወንድሜ ኩሽኔታው ሄዷል፣ ግራው ብቻ ነው፣ ቀኙን አትንካው" አለኝ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚያደርገው እቃ ነው። እኔንም አስነካኝ፣ እውነትም ግራው አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል። የእጅ 1,500 ብር፣ እቃውን ከሶማሌ ተራ ራስህ ገዝተህ ብትመጣም ፊት አይነሱህም።

ችግሩ ፕሮፎርማው ነው። ዊል ቤሪንግ፣ ክላች ፕሌት፣ ስፓርክ ፕላግ እያለ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ፣ እዛ ግቢ ውስጥ ግን እነዚሁ እቃዎች በጣልያንኛ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ነው የሚባሉት። ከኔ በፊት የነበሩ አንድ አባት "እኔ ካንዴላ ቀይሩ አልኩ እንጂ ይሄን ስፓርክ ምናምን ማን አዘዘ?" ብለው ተቆጡ፣ ሌላ እቃ የተጨመረባቸው መስሏቸው። አይፈረድባቸውም።

ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 አምስት አመት ነው የቆየው፣ ግን መንገድ እየሰራ የጭነት መኪና በገፍ አስገባ፣ ከተሸነፈም በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ የከፈቱ መካኒኮች ነበሩ፣ ሙያውን ከነሱ የለመደው የእቃውንም ስም አብሮ ያዘ፣ እሱም ለረዳቱ፣ ረዳቱም ለረዳቱ እያለ ይኸው የጃፓን መኪና ኮፈን ተከፍቶ በጣልያንኛ ይታከማል። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው ከጣልያኑ ላንቻ መኪና ነው ይባላል። ጋና ብትሄዱ የገዢው ቋንቋ ፓርላማና ፍርድ ቤት ነው የተቀመጠው፣ እኛ ጋ የጣልያኑ ግራሶ የነካው እጅ ላይ ቀረ። እንግሊዝኛ ግን ቅኝ ሳይገዛን ሃይስኩል መማሪያ ሆነና ወረቀት በሱ ካልተጻፈ የማይታመን አስመሰለን፣ እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

ለባለቤቱ ስነግረው "ድርጅቶች እንግሊዝኛ ካልሆነ አይቀበሉንም" አለኝ። ለድርጅት እሺ፣ ለኛ ለእግረ መንገድ ደንበኛ ጎኑ ላይ ኩሽኔታ ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ቅዳሜ ግን አትሂዱ፣ ጎሚስታውም እዛው ግቢ ስለሆነ መኪና ማቆሚያ አታገኙም።