ኤልኤንካፕ ሴል ላይን፦ ከ5 4 ኮከብ

ኤልኤንካፕን፣ ማለትም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚራባውን የፕሮስቴት ካንሰር ሴል፣ ይዤ ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ፣ በፕሮስቴት ካንሰር ሴል ውስጥ ጂን እንዴት እንደሚበራና እንደሚጠፋ በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከሱ ጀምሩ፣ ትዕግስት ግን ያዙ።

እድገቱ ቀርፋፋ ነው፣ ጎኑ ያለው ፒሲ-3 (ሌላ የፕሮስቴት ካንሰር ሴል) ፍላስኩን (የሚያድግበትን ጠርሙስ) ሲሞላ ይሄኛው ገና እዚህም እዚያም ተጠራቅሞ ታገኙታላችሁ። ከፍላስኩ ጋርም በደንብ አይያያዝም፣ ስታጥቡት ፒቢኤሱን (ማጠቢያውን የጨው ውሃ) ቀጥታ ላዩ ላይ ካፈሰሳችሁት ተነስቶ ይሄዳል፣ እኔ የመጀመሪያ ሁለት ሙከራዎቼን ያጣሁት እንደዛ ነው እና በጣም ነው ያዘንኩት። በግድግዳው በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ከዘራችሁት በኋላም ሁለት ቀን አትንኩት።

አሁን የምወድለትን ልንገራችሁ። ፒሲ-3 እና ሌላው የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ዲዩ-145 የሚሰራ የአንድሮጅን ሪሴፕተር (የወንድ ሆርሞንን የሚቀበል ፕሮቲን) የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ሆርሞን ብትሰጧቸው ዝም ነው። ኤልኤንካፕ ግን አለው፣ ሆርሞኑ ሲገባ ሪሴፕተሩ ይዘውት ከቆዩት እንደ ኤችኤስፒ90 ካሉ ፕሮቲኖች ይላቀቅና ኒውክሊየስ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ፎክስኤ1 የሚባል ፕሮቲን ዲኤንኤውን ቀድሞ ከፍቶ ይጠብቀዋል፣ ከዛ ፒ300ን የመሰሉ ረዳቶች ይሰበሰቡና ጂኑ መነበብ ይጀምራል። ኬኤልኬ3ን ለኩ፣ ሐኪም ቤት በደም የሚመረመረውን ፒኤስኤ የሚሰራው ጂን እሱ ነው። ኤፍኬቢፒ5 የሚባለው፣ በዚሁ ሆርሞን የሚበራው ጂንም ጥሩ ነው።

ብቻ ሴሎቹን የምንመግብበት ተራ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ራሱ ሆርሞን ስላለው ጂኑ ቀድሞውኑ በርቶ ይጠብቃችኋል፣ ስለዚህ በከሰል የተጣራ ሴረም ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን አቆዩትና ከዛ አር1881 የሚባለውን ሰው ሰራሽ የወንድ ሆርሞን ጨምሩ። በማግስቱ ፒሲአሩ (ጂኑ ምን ያህል እንደተነበበ የሚለካው፣ መስመሩ ቀድሞ ከተነሳ ብዙ ተነቧል ማለት ነው) ላይ የኬኤልኬ3 መስመር ሆርሞን ካላገኘው ቀድሞ ሲነሳ ታያላችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ሪሴፕተሩ የተለወጠ ስለሆነ ነው። 877ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ትሪዮኒን መሆን ሲገባው አላኒን ነው ያለው፣ በዚህ ምክንያት ፕሮጄስትሮንም ኢስትሮጅንም ያበሩታል፣ ይባስ ብሎ የፍሉታማይድ መድሃኒት ሰውነት ውስጥ የሚቀየርበት ሃይድሮክሲፍሉታማይድ ማጥፋት ሲገባው ያበራዋል፣ ይሄን ሳታውቁ መድሃኒት ከሞከራችሁ ውጤቱ ተገልብጦባችሁ ግራ ትጋባላችሁ። ኤንዛሉታማይድ የሚባለው መድሃኒት ግን ያጠፋላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀውና ግማሽ በሚሆኑ ታማሚዎች ላይ የሚገኘው የቲኤምፒአርኤስኤስ2 እና የኢአርጂ ጂኖች መጣበቅም እዚህ የለም፣ ለሱ ቪካፕ የሚባለው ሌላ የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ያስፈልጋችኋል።

ሴሎቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአንድ የ50 ዓመት ታካሚ ሊምፍ ኖድ የተወሰዱ ናቸው፣ ካንሰሩ እስከ አንገቱ ስር ደርሶበት ነበር። እሱን አስቤ ነው አንድም ፍላስክ በቸልታ እንዳይበላሽብኝ የምጠነቀቀው።

ስትገዙ ፓሴጅ ቁጥሩን (ስንት ጊዜ ወደ አዲስ ፍላስክ እንደተዛወረ) በጽሁፍ ጠይቁ፣ ለኛ የመጀመሪያው ሳይጻፍበት ነው የመጣው፣ ብዙ ጊዜ የተባዛ ኤልኤንካፕ ደግሞ ያለ ሆርሞንም ማደግ ይለምዳል።