ድሮይድ፦ ፋይሉን ያውቃል፣ ፊደሉን አያውቅም

የቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪ ለተግባር ልምምድ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመደብ፣ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሚቆለሉለት የተቧጨሩ ሲዲዎች፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ፍላሾችና ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ሃርድ ዲስክ ናቸው። “አደራጃቸው” ይባላል። ከማደራጀት በፊት ግን ውስጣቸው ምን እንዳለ መታወቅ አለበት። ለዚህ የመጀመሪያ ሥራ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነጻ የሚያድለውን ድሮይድ የተባለ የፋይል ዓይነት መለያ ፕሮግራም የሚስተካከል አላየንም።

ድሮይድ (ከስልኩ አንድሮይድ ጋር ዝምድና የለውም) በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን ቅጥያ ብቻ አይቶ አይፈርድም። የፋይሉን መጀመሪያና መጨረሻ ባይቶች ያነብና ፕሮኖም ከሚባለው የፎርማቶች መዝገብ ጋር አመሳክሮ መለያ ይሰጣል። ከ1997 እስከ 2003 ያለው ወርድ ኤፍኤምቲ/40 ነው፤ ከ2007 ወዲህ ያለው ኤፍኤምቲ/412። የድሮ ወርድ፣ ኤክሰልና ፓወርፖይንት የውጭ ቅርፊታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ለመለየት ቅርፊቱን ከፍቶ ውስጡን ያያል። ፋይሉ ከተበላሸ ግን ውስጡ ስለማይከፈት “ኦኤልኢ2” የሚል የወል ስም ብቻ ይመጣል። ያን ጊዜ ፋይሉን ለብቻ አስቀምጦ መመርመር ነው።

ለዊንዶውስ፣ ድሮይድ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ጃቫ የተባለ ሶፍትዌር አብሮት የታሸገውን ጥቅል ማውረድ ይሻላል። ዚፑን ፈትቶ ማስነሳት ብቻ ነው። ከዚያ መጀመሪያ የሚገባው ማስተካከያው ውስጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ኮድ) እንዲያሰላ የሚያዘው ሳጥን ሲመጣ ባዶ ነው። ምልክት ይደረግበትና ከሃሽ ዓይነቶቹ ሻ-256 ይመረጥ። ለውጡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚከፈት ፕሮፋይል (የድሮይድ የሥራ ዝርዝር) ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው ተጋምሶ ቢስተካከል ተመልሶ ከመጀመር አያድንም። ሃሹ ሁለት ጥቅም አለው። በኤክሰል በሃሽ ቅደም ተከተል ሲደረደር፣ በአምስት ስም የተቀመጠ አንድ ደብዳቤ ወዲያው ይጋለጣል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ቅጂው አለመለወጡን ማረጋገጫው እሱ ነው።

ድሮይድ ራሱ በፋይሎቹ ላይ ምንም አይጽፍም። ዊንዶውስ ግን ይጽፋል፤ ፍላሽ ገና ሲሰካ የራሱን ድብቅ ፎልደር ይፈጥርበታል። ስለዚህ የመጻፊያ መከልከያ (ኮምፒውተሩ በፍላሹ ላይ እንዳይጽፍ የሚያግድ መሣሪያ) ከሌለ መጀመሪያ ቅጂ ወስዶ በቅጂው ላይ መሥራት ነው። በተለመደው ኮፒ የመጨረሻው ማሻሻያ ቀን እንዳለ ይተላለፋል፤ የተፈጠረበት ቀን ግን ወደ ዛሬ ይለወጣል። ደግሞ 1980 የሚል ቀን ከታየ አይታመንም፤ ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ሰዓት ባትሪ ማለቁ ሊሆን ይችላል።

እኛ አገር ፍላሽ ላይ ድሮይድ በጣም የሚያስመሰግነው አንድ ነገር አለ። የሾርትከት ቫይረስ የገባበት ፍላሽ ሲከፈት ባዶ ወይም በሾርትከት የተሞላ ይመስላል፤ እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ተደብቀዋል። ድሮይድ የተደበቀውንም ይዘረዝራል፣ ሾርትከቱንም ሾርትከት ብሎ በስሙ ይጠራዋል። “ጠፍቷል” ተብሎ ፎርማት ሊደረግ የነበረ ፍላሽ በዚህ ይተርፋል። በዝርዝሩ ላይ እንግዳ የሚመስሉት ሁሉ ግን ምስጢር አይደሉም፤ ስማቸው በጠመዝማዛ ሰረዝና በዶላር ምልክት የሚጀምር ትንንሽ ፋይሎች ወርድ ሲከፈት ትቷቸው የሄደ ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው።

ውጤቱ በሲኤስቪ (በኤክሰል በሚከፈት የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይል) ይወጣል። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ካሉ በቀጥታ በኤክሰል መክፈት ስሞቹን ሊያበላሻቸው ይችላል፤ ከዳታ ማውጫው ጽሑፍ ማስገቢያውን መርጦ ኢንኮዲንጉን 65001 ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ይበጃል።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለንም። ችግሩ የሚመጣው “ኤፍኤምቲ/40” ተብሎ የተመዘገበው ደብዳቤ ሲከፈትና የላቲን ፊደል፣ የቃለ አጋኖና የምልክት ድብልቅ ሲሆን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶች የጻፉት በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች ነበር። እነዚያ ፎንቶች ቢበዛ 256 ቦታ ነበራቸው፤ ፊደሉ ደግሞ በዚያ አይበቃም። ስለዚህ አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጥሙታል ወይም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ያካፍሉታል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው አይነበብም፣ ቢኖርም በቃል አይፈለግም። ድሮይድ ይህን አይነግርም፤ ለእሱ ጤናማ የወርድ ፋይል ነው።

ስለዚህ ከድሮይድ በወጣው ሠንጠረዥ ላይ “ፎንት” የሚል ዓምድ በእጅ መጨመር ግድ ይላል። ፋይሉ በወርድ ሲከፈት፣ አማራጮች ውስጥ አድቫንስድ በሚለው ክፍል የፎንት መተኪያ ቁልፍ አለ፤ ሲጫን ፋይሉ የሚፈልጋቸውንና ኮምፒውተሩ ላይ የሌሉትን ፎንቶች በስም ይዘረዝራል። አሰልቺ ነው፣ ነገር ግን ከአንድ ክፍል የወጡ ፋይሎች ብዙ ጊዜ አንድ ፎንት ስለሚጋሩ ከየፎልደሩ ጥቂቱን ማየት መንገዱን ያሳያል።

ፎንቱ ከታወቀ በኋላ ሦስት ነገር ይቀመጣል፦ ዋናው ፋይል ሳይነካ፣ መልኩን የሚጠብቅ ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ/ኤ (ለረጅም ጊዜ ማቆያ የተዘጋጀ የፒዲኤፍ ዓይነት)፣ እና ወደ ዩኒኮድ የተለወጠ ጽሑፍ። የተለወጠውን ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ ያንብበው፤ በተለይ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ የመለወጫው ፕሮግራም ይስታል። ድሮይድ ፒዲኤፍ/ኤ ነው ሲል ፋይሉ ስለራሱ የሚለውን ተቀብሎ ነው፤ ደንቡን ማሟላቱን የሚፈትሸው ቬራፒዲኤፍ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ቢሮ፣ ድሮይድ ፎርማቶችን የሚያውቅበትን የመለያ ፋይል ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማስገባት ይቻላል። የመለያ ፋይሉ እትም ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፤ ዛሬ ያልታወቀ ፎርማት በሚቀጥለው እትም ሊታወቅ ይችላል።

አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም የሚነሳ ከሆነ ግን ከድሮይድም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንቶች ፎልደር ሙሉውን መቅዳት። ኮምፒውተሩ በጨረታ ከተሸጠ በኋላ ያንን ፎንት ማግኘት ከባድ ነው።