ግሬቲንግ ወይስ ፈሳሽ ክሪስታል? አነስተኛ የቅርብ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ለምትመርጡ

እርጥበት ለመለካት ወይም የፕላስቲክ ዓይነት ለመለየት በእጅ የሚያዝ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ከፈለጋችሁ፣ መጠኑን ከማየታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አሠራር ጠይቁ።

ግሬቲንግ (ጥቃቅን ትይዩ መስመሮች ያሉት ገጽ) ያለው መሣሪያ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ በትኖ በተደረደሩ ዲቴክተሮች ላይ ያሳርፈዋል። ሁሉንም በአንዴ ያነባል። ናሙናው ቶሎ ቶሎ የሚያልፍ ከሆነ እኔ ሳላመነታ እሱን እመርጣለሁ። ወጪው ያለው ዲቴክተሩ ላይ ነው። ርካሹ ሲሊኮን ከ1100 ናኖሜትር ገደማ በላይ አያይም። ከ900 እስከ 1700 የሚያየው የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ድርድር ደግሞ ውድ ነው።

ፈሳሽ ክሪስታል ያለው በአንድ ዲቴክተር ብቻ ሊሠራ ይችላል። ቮልቴጁ ሲቀየር ሞለኪውሎቹ ይዞራሉ፤ በፖላራይዘሮቹ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉት ማጣሪያዎች) መካከል የሚያልፈው ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። ስፔክትረሙ ከዚያ በስሌት ይወጣል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ኃይልም ብዙ አይፈጅም። ግን የመጀመሪያው ፖላራይዘር ብቻውን ከተራ ብርሃን ቢያንስ ግማሹን ያስቀራል።

ትልቁ ጣጣ የንብርብሩ ውፍረት ነው። የክሪስታሉ ድርብ ስብረት (እንደ ብርሃኑ የርግብግቢት አቅጣጫ የስብረት መጠኑ የሚለያይበት ልክ) 0.2፣ ውፍረቱ 50 ማይክሮሜትር ይሁን። በ1500 ናኖሜትር አካባቢ የመለየት አቅሙ፣ ማለትም ለይቶ የሚያየው ትንሹ የሞገድ ርዝመት ልዩነት፣ ወደ 225 ናኖሜትር ይሆናል። ይህ በጣም ሻካራ ነው። ውኃ በ1450 ናኖሜትር አካባቢ የሚያሳየውን ምልክት ከጎረቤቶቹ አጥርቶ አያወጣም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የመለየት አቅሙ በእጥፍ ይሻሻላል፤ ቮልቴጁ ሲቋረጥ ሞለኪውሎቹ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ጊዜ ግን 4 እጥፍ ይረዝማል። ጥሩ ዲዛይን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ወፍራም ንብርብር ከመጠቀም ይልቅ ቀጫጭኖቹን ይደራርባል፣ ወይም ቋሚ ክሪስታል ያክልበታል።

ስለዚህ የመለየት አቅሙንና የአንድ ልኬት ጊዜውን በተመሳሳይ ቅንብር የተለኩ አድርጋችሁ ጠይቁ። በየስንት ናኖሜትሩ ነጥብ እንደሚያወጣ የሚገልጸውን ቁጥር እንደ መለየት አቅም አትውሰዱት። ሙቀትም አለ። ሲሞቅ ድርብ ስብረቱ ይቀንሳል፤ የሙቀት መለኪያና ማስተካከያ የሌለውን ለውጭ ሥራ አትግዙ።

ምስል ከፈለጋችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፈሳሽ ክሪስታል ከካሜራ ፊት ተቀምጦ መላውን ትዕይንት በአንድ የሞገድ ርዝመት ያሳያል፤ ግሬቲንግ አብዛኛውን ጊዜ መስመር በመስመር መቃኘት አለበት። የማይንቀሳቀስ ናሙና ላይ ጥቂት የታወቁ ሞገዶችን ብቻ ለምታዩ፣ ገንዘባችሁን ፈሳሽ ክሪስታሉ ላይ አውሉት።